ከባህር ዳር ደብረ ማርቆስ በማውንቴን ሳይክል፦ ጀማሪም ጠንካራም አንድ ላይ እንዴት ይሄዳል?

የጣና ዳር ልጅ፦
ሰላም ጓዶች፣ ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከባህር ዳር ተነስተን በዳንግላ በእንጅባራ አድርገን እስከ ደብረ ማርቆስ፣ ከተቻለም ጮቄ ተራራ ድረስ ልንሄድ አስበናል። ችግሩ መንገዱ ሳይሆን ሰዎቹ ናቸው ሃሃ። ሁለቱ ዳገት ሲያዩ ደስ የሚላቸው እብዶች፣ እኔን ጨምሮ ሶስታችን እንደማንኛውም የባህር ዳር ልጅ ሳይክል ላይ ያደግን ግን ከዘንባባው መንገድ ብዙ ያልራቅን፣ የአክስቴ ልጅ ደግሞ ገና አምና የለመደች። አንድ ፒክአፕ አለን፣ ሹፌሩም እስከመጨረሻው አብሮን ነው። በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ብናስብ ይሻላል? የትስ እንደር? መንገዱን የምታውቁ በሞቴ ንገሩኝ።

ዳሞት ጋላቢ፦
ወንድሜ በቀን ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ብላችሁ አትነሱ፣ ሰው የሚጣላው እዛ ላይ ነው። ባህር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እንጅባራ ከ2500 በላይ፣ መሀል ያለው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ደግሞ ለአይን ሜዳ መስሎ ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ያልለመደ እግር ከሰዓት በኋላ ነው የሚያውቀው። እኔ ብሆን የማቅደው መኪናዋን ነው። ሁሉም አንድ ቦታ ያድራል፣ የሚነሳበት ቦታ ግን ይለያያል። እብዶቹ ከባህር ዳር ከንጋቱ 12 ሰዓት ይውጡ፣ እናንተን መኪናዋ ዳንግላ ታውርዳችሁ፣ ከዛ እንጅባራ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው ይበቃችኋል፣ የአክስትህን ልጅ ደግሞ እንጅባራ መዳረሻ ላይ። ማታ ሽሮው ሲቀርብ ሁሉም ነድቶ ነው የገባው።

ደግሞ እንጅባራ ሁለት ሌሊት እደሩ። ዘንገና ቅርብ ነው፣ ከዋናው አስፋልት ብዙም አይርቅም፣ እሳተ ገሞራ የሰራው ክብ ሐይቅ ዙሪያውን ደን፣ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ቀን አላውቅም። እብዶቹ በዛው ቀን ከቲሊሊ ወደ ግሽ ዓባይ፣ ወደ ዓባይ ምንጭ ማለቴ ነው፣ በኮረኮንቹ ይጥፉ። አንድ ነገር ግን፣ ምንጩ ጸበል ስለሆነ እህል የቀመሰ ሰው አይጠጋም፣ እና ያለቁርስ ዳገት ይወጣሉ ወይስ ምንጩን ከሩቅ ያያሉ፣ ይመካከሩበት።

ካቴና፦
ዳሞት ያልከው ልክ ነው፣ ግን ስለ ሳይክሎቹ ማንም አላነሳም። ባህር ዳር ውስጥ ሜዳ ላይ የሚነዳ ሳይክል ፍሬኑ ምን እንደሆነ ባለቤቱም አያውቅም፣ ምክንያቱም ቁልቁለት የለም! ከመነሳታችሁ በፊት ቤዛዊት ኮረብታ ውጡና ስትወርዱ ሞክሩት፣ ከጮኸ ወይ እጀታው እስከ መሪው ከገባ እዛው ይሰራ። ረጅም ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬን ይዛችሁ አትውረዱ፣ ይግላል ከዛ አይይዝም፣ ጠበቅ አድርጎ ፍጥነት መቀነስ፣ መልቀቅ፣ እንደገና። ለአክስትህ ልጅ ይህን አንድ ነገር አሳያት፣ ማርሹን ቀስ በቀስ ትለምደዋለች። ጎሚስታ በየከተማው አለ፣ ለማውንቴን ሳይክል ልኩ የሆነ የውስጥ ጎማ ግን ላይኖረው ስለሚችል ትርፍ ያዙ፣ ፖምፓና አንድ ትርፍ ካቴናም።

ሌላው ፈረስ ነው። አዊ ውስጥ፣ በዳንግላና በእንጅባራ በኩል፣ መንገዱ ሁሉ ፈረስ ነው፣ ሳይክል ከኋላው በዝምታ ሲመጣበት ይደነግጣል። ከሩቅ ድምጽ ስጡ፣ ሰላምታ በሉ፣ ጆሮውን ወደኋላ ከጣለ ወርዳችሁ እየገፋችሁ እለፉ፣ ባለፈረሱም ይመርቃችኋል። ውሻ ከመጣ ደግሞ አትሩጡ፣ ወርዳችሁ ሳይክሉን በመሀል አድርጉ፣ ብዙውን ጊዜ እሱም ይሰለቸዋል።

የጣና ዳር ልጅ፦
እናንተ ተባረኩ። ፈረሱን በፍጹም አላሰብነውም። አሁን እብዶቹ ደግሞ ማርቆስ ከገባን አይቀር ደጀን ወርደን ዓባይ በረሃን እንውረድ እያሉ ነው፣ ምን ትላላችሁ?

ማርቆሴዋ፦
ኧረ በፍጹም! ለብቻቸው ሌላ ጊዜ ይሂዱ። በረሃው ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፣ ከባድ መኪናው ጭነቱን ይዞ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፣ ታች ሙቀቱ ሌላ አገር ነው፣ እናንተን መኪናዋ ስትጠብቅ እነሱን ማን ይከተላል? ይልቅ ጮቄ ይሻላል፣ ለሁሉም የሚሆን ነገር አለው። ማርቆስ 2400 ላይ ስለሆነች አንድ ሁለት ሌሊት እደሩና ሳንባችሁ ይልመድ፣ የጮቄ ጫፍ ከ4000 ሜትር ያልፋል። በሮብ ገበያ በኩል በሚወጣው መንገድ ጠንካሮቹ ከታች ይግፉ፣ ሌሎቻችሁ በመኪና ወጥታችሁ ጅብራ የሚባለውን ረጅም ተክልና የጓሳ ሳሩን አይታችሁ የቻላችሁትን ያህል በሳይክል ውረዱ። ራስ ምታት ወይ ማቅለሽለሽ የያዘው ሰው ካለ ግን ትንሽ ልረፍ አይባልም፣ በመኪና ወደታች ነው፣ የሚሻለው መውረድ ብቻ ነው። ጓንትና ጃኬት ያዙ፣ በጠራራ ጸሐይም ቢሆን ስትወርዱ ጣት ይደርቃል ፍሬን መጨበጥ ያቅታል።

እና ከምንም በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። እዚህ የሚጻፈውን ሳይሆን በየከተማው የሚያውቁትን ሰው ደውሎ፣ በየጠዋቱ። ጥሩ አይደለም ካሏችሁ ያን ቀን አትንቀሳቀሱ፣ ሲመሽም መንገድ ላይ አትገኙ።

ዳሞት ጋላቢ፦
የማርቆሴዋ ይጸድቃል፣ በረሃውን ተዉት። መኪና ከአስፋልት ከወጣ ጥቅምት ላይም ጭቃ ያለበት ቦታ አይጠፋምና ፒክአፑ ፎርዊል መሆኑን አረጋግጥ። ሳይክሎቹን ስትጭኑ ደግሞ በመሀል ብርድ ልብስ ወይ ካርቶን አድርጉ፣ ኮረኮንች ላይ እርስ በርስ ተፋጭተው ማርሻቸው ይጣመማል።

የጣና ዳር ልጅ፦
ፎርዊል ነው። እብዶቹ አኩርፈዋል ግን ግሽ ዓባይ ሲባሉ ትንሽ ለቀቅ አሉ፣ አሁን የሚከራከሩት ቁርስ ላይ ነው።