የአፍሪካ ህብረት የበጎ ፈቃድ አማካሪ ለመሆን ከየት ልጀምር?

የማህበር ጸሐፊ፣ አራት ኪሎ

ሰላም ለሁላችሁ። መስማት የተሳናቸው ልጆች ያሉን ወላጆች ተሰባስበን ትንሽ ማህበር መሥርተናል። እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ የምሠራውም ያለ ደመወዝ፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው «ሲቪል ማህበረሰቡን ወክለሽ የአፍሪካ ህብረት አማካሪ መሆን ትችያለሽ፣ ኢኮሶክ ይባላል» አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ለማስመዝገቢያ ብር ጠየቀኝ። ህብረቱ ከቤቴ በሁለት ታክሲ ነው፣ ግን በየት በኩል እንደሚገባ እንኳ አላውቅም። የሚያመለክተው ግለሰብ ነው ማህበር? ክፍያ አለው? እንግሊዝኛዬስ ይበቃ ይሆን?

የሜክሲኮዋ

እህቴ፣ አምስት ሳንቲም እንዳትከፍይ! ይህን ከያዝሽ ሌላው ቀላል ነው።

ኢኮሶክ የሚባሉት ሁለት ናቸው። በአማርኛ ስንጠራቸው ስለሚመሳሰሉ ሰው ይደባልቃቸዋል። አንዱ የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚና ማህበራዊ ምክር ቤት ነው። እዚያ ማህበራት የአማካሪነት ደረጃ ያገኛሉ። ማህበሩ ቢያንስ 2 ዓመት የሆነው መሆን አለበት። ማመልከቻው በድረ ገጽ ነው፣ በየዓመቱ ግንቦት 24 ይዘጋል፣ በነጻ ነው።

ሁለተኛው የአፍሪካ ህብረት የኢኮኖሚ፣ ማህበራዊና ባህላዊ ምክር ቤት ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. እዚሁ አዲስ አበባ በጊዜያዊነት ሲቋቋም የመሩት ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ ነበሩ፣ እኚያ የዛፍ ተከላዋ ሴት። የምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት አሁን ያለው ግን ሉሳካ፣ ዛምቢያ ነው። ስለዚህ ህብረቱ በር ላይ ቆመሽ ብትለማመጪም የሚያስገባሽ የለም። ጥሪውን ከምክር ቤቱ ድረ ገጽ ተከታተዪ።

ሒሳብ መርማሪው

ወንበሩ የማህበርሽ ነው፣ ያንቺ አይደለም። አንቺ ተወካይ ነሽ። ስለዚህ መጀመሪያ ማህበሩ ይፈተናል።

በህብረቱ መስፈርት ማህበሩ ቢያንስ 3 ዓመት የተመዘገበ መሆን አለበት። የወረዳ የድጋፍ ደብዳቤ ምዝገባ አይደለም። በአዋጅ 1113/2011 መሠረት ከሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተሰጣችሁ የምስክር ወረቀት አላችሁ ወይ? በገለልተኛ ኦዲተር የተመረመረ የየዓመቱ ሒሳብም ይጠየቃል።

ብዙዎችን የሚጥለው ግን ሌላ ነው። ከገቢያችሁ ቢያንስ 50 በመቶው ከአባላት መዋጮ መምጣት አለበት። በድሮው አዋጅ 621/2001 በመብት ላይ የሚሠራ የአገር ውስጥ ማህበር ከውጭ የሚያገኘው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይገደድ ነበር። ያ ገደብ ተነስቷል፣ ጥሩ ነው። ግን ከዚያ ወዲህ በፕሮጀክት ገንዘብ ብቻ የሚኖር ማህበር እዚህ ላይ ይወድቃል።

አንድ የማውቀው ማህበር መዋጮውን በደብተር ይይዝ ነበር። ስም፣ ወር፣ ብር፣ ፊርማ። ዳርና ዳሩ በዘይት የወየበ ደብተር። አባላቱ እውነተኞች ናቸው፣ በየወሩ ከፍለዋል። ግን ደረሰኝ አልተቆረጠም፣ ብሩም ባንክ ሳይገባ በእጅ ወጥቷል። ደብተሩን ይዤ ቁጭ አልኩ፣ ላረጋግጥላቸው አልቻልኩም። እስካሁን ያሳዝነኛል። አሥር ብርም ቢሆን ደረሰኝ ቁረጡ፣ ባንክ አስገቡ።

ጡረተኛው፣ ልደታ

ልጄ፣ እኔ ለዓመታት በእንዲህ ያለ ምክክር በነጻ ተሳትፌያለሁ። ደመወዝ የለውም። ጉዞና ማረፊያ አንዳንዴ ጋባዡ ይችላል፤ ከመሄድሽ በፊት በጽሑፍ አረጋግጪ።

ወንበሩ ጥቂት ነው። ምክር ቤቱ 150 አባል ድርጅቶች እንዲኖሩት ነው የተደነገገው፣ ከአንድ አገር የሚገቡት 2 ብቻ ናቸው። ዘመኑ 4 ዓመት ነው፣ ዳግም መመረጥ የሚቻለው አንዴ ነው። ባትመረጡ ተስፋ አትቁረጡ፤ ረቂቅ ሲወጣ አስተያየት ላኩ።

ሥራው በአብዛኛው ማንበብ ነው። ሰነዶቹ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ይመጣሉ። ሦስት ሆናችሁ ብታነቡ ትወጡታላችሁ። ለእናንተ መነሻው የህብረቱ የአካል ጉዳተኞች መብት ፕሮቶኮል ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. በህብረቱ ጉባኤ ጸድቆ ሥራ ላይ የዋለው 15 አገሮች ካጸደቁት በኋላ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። ስለ ምልክት ቋንቋ የሚለውን ፈልጉና አስምሩበት።

ስትጽፉ «ተጋላጭ ወገኖች» በሚለው አትርኩ። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ሲያወራ ልጅሽ ከንፈሩን ማየት እንደማይችል ጻፊ። ክፍሉ ሲስቅ እሱ ግራ ቀኝ እያየ ዘግይቶ እንደሚስቅ ጻፊ። ይህን ካንቺ በቀር ለዚያ ጠረጴዛ የሚያቀርብለት የለም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ብቻሽን አትሂጂ። ከ18 እስከ 35 ዓመት ያለ፣ ራሱ መስማት የተሳነው ወጣት ይወከል። ደንቡም ከተወካዮቹ ግማሹ ወጣት ይሁን ይላል። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ በስብሰባው ዕለት ቢጠየቅ አይገኝም።

የማህበር ጸሐፊ፣ አራት ኪሎ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሰውየው አልከፍልም ብዬ መልሼለታለሁ። ጋሼ፣ ስለ ሳቁ የጻፉትን ሳነብ እንባዬ መጣ፤ የእኔ ልጅ ልክ እንደዚያ ነው። የምስክር ወረቀቱ አለን፣ ዘንድሮ አራተኛ ዓመቱ ነው። መዋጮውን ግን እኛም በደብተር ነው የያዝነው። ቅዳሜ ስብሰባ አለን፣ የደረሰኙን ነገር አነሳለሁ።

ሒሳብ መርማሪው

ብሩ ባንክ ይገባ ከነበረ የባንክ መግለጫውን አውጪና ከደብተሩ ጋር ወር በወር አስተያዪው። ያ ካለ ገና አልመሸም። ቅዳሜ ከሰዓት ከሆነ እኔም መጥቼ አይላችኋለሁ፣ በነጻ።