የብር መስቀል በቅርበት ሳነሳ ጠርዙ ይደበዝዛል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ የሚሠሩ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆኑ የብር ሽቦ መስቀሎችን በትንሽ ዲጂታል ካሜራ አንስቼ ቴሌግራም ላይ ለሽያጭ እለጥፋለሁ። መሀሉ ጥርት ሲል ጠርዙና ማንጠልጠያው ይደበዝዛል።

ማክሮው (የቅርብ ማንሻው፣ የአበባዋ ምልክት) በርቷል፣ ዙም የለም፣ ከሌንሱ 5 ሴንቲ ሜትር፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ፍላሽ ጠፍቷል። ካሜራው ስታንድ ላይ ሆኖ በ2 ሰከንድ ታይመር ስለሚያነሳ የእጅ መንቀጥቀጥ አይደለም። ብርሃኑ የመስኮት ነው፤ በሌላው ጎን ነጭ ወረቀት አቁሜያለሁ። (አምፖል ካበራሁ ብሩ ቢጫ ይመታል።)

እንዲህ ሲጠጉ ጥርት የሚለው ጥልቀት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ መስቀሉ ትንሽ ካዘነበለ አለቀ። ይባስ ብሎ ፎከሱ በሽቦዎቹ መሀል አልፎ ከሥር ያለውን ጨርቅ ይይዛል። ጥልቀቱ እንዲጨምር የሌንሱን ቀዳዳ አጥብቤ ኤፍ 8 ላይ ሳደርገው ደግሞ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ትንሽ በመሆኑ ምስሉ በሙሉ ይለሰልሳል። በእጅ ፎከስ ማድረጊያ የለውም።

ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ርቄ አንስቼ ፎቶውን ብቆርጠው ይሻላል፣ ወይስ ሌንሱ ፊት ማጉያ መስታወት ልግጠም? ማጉያ የሞከራችሁ፣ ስንት ዳዮፕተር (የማጉያው ኃይል መለኪያ) ነበር? ጠርዙ ላይ ሐምራዊ ቀለም አያወጣም? ካሜራው 12 ሜጋፒክስል ነው፤ ለቴሌግራም ተቆርጦም ይበቃል። ፎከሱን ከጨርቁ የሚያላቅቅ ዘዴ ያለው ካለ ግን እሱን ነው በጣም የምፈልገው።