የከሰረ ሰው ስም ጋዜጣ ላይ ይውጣ ወይስ አይውጣ? የደሴ ልጆች ክርክር

አወያይ፦ ጀመዓ፣ ነጋዴው ሲከስርና ብድሩ ሲበላሽ ቤቱ ሐራጅ ይወጣል። ማስታወቂያው ጋዜጣ ላይ ይታተማል፤ አንዱ በስልኩ ያነሳና ቴሌግራም ላይ ይለቀዋል። እስኪመሽ ከሸዋ በር እስከ ሙጋድ ያልሰማ የለም። ስሙ መውጣት አለበት ወይ? ሳንሰዳደብ።

የፒያሳ ሱቅ፦ ሲበደር ማን አስገደደው? የባንክ ብር የሕዝብ ቁጠባ ነው። ደግሞ እኔ ዱቤ እሰጣለሁ። ማን እንደከሰረ ካላወቅኩ ነገ የምከስረው እኔ ነኝ።

ሆጤ፦ ወንድሜ፣ ማስታወቂያውን ልብ ብለህ አይተኸዋል? የተበዳሪው ስም፣ አጠገቡ ቤቱን ለብድሩ መያዣ የሰጠው የአስያዡ ስም፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር፣ የካርታ ቁጥር፣ ስፋት በካሬ፣ መነሻ ዋጋ። አስያዡ ሌላ ሰው የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለእህቱ ልጅ ብሎ ካርታውን የሰጠ ሽማግሌ አንድ ብር ሳይበደር ገመናው አደባባይ ይወጣል። ገዢ የሚፈልገው ቤቱ የት እንዳለ፣ መነሻው ስንት እንደሆነና የመነሻውን 1/4ኛ በሲፒኦ፣ ማለትም በባንክ የክፍያ ማዘዣ፣ የት እንደሚያስይዝ ነው። ስም ምን ያደርግለታል?

የኮምቦልቻው ጠበቃ፦ ሁለት ነገር ተቀላቅሏል። ሐራጅና መክሰር አንድ አይደሉም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን ይሸጣል። መክሰር ግን በንግድ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ፍርድ ቤት የሚወስነው የነጋዴ ጉዳይ ነው። ዕዳ የበዛበት ደመወዝተኛ መምህር በዚያ በር አይገባም። መክሰር ይፋ የሚሆነው ገንዘብ ጠያቂዎች ሁሉ ቀርበው እንዲያመለክቱ ነው። ስም ከሌለው ማን ይመጣል? ለሐራጁ ግን ይህ ምክንያት አይሠራም። ባንክ ለባንክ እንደሆነ በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ይተያያሉ፤ ጋዜጣ አይጠብቁም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ደግሞ «ይህ ሁሉ ዝርዝር ለምን?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የፒያሳ ሱቅ፦ ባንክስ ማዕከል አለው። ለእኔ ማን አለኝ?

ሰኞ ገበያ፦ እኔ የማውቃት ሴት አለች። ባሏ «ያላገባ» የሚል ማስረጃ አውጥቶ የጋራ ቤታቸውን አስይዞት ነበር። የነገራት ጎረቤት ነው፤ ማስታወቂያው ላይ የባሏን ስም አይቶ። ስሙ ባይኖር ጨረታው ካለፈ በኋላ ነበር የምትሰማው።

ሆጤ፦ እህቴ፣ የቤት ቁጥሩ ይበቃት ነበር።

ሰኞ ገበያ፦ የጎረቤቱን የቤት ቁጥር በቃሉ የሚይዝ ማን ነው? አንተ ትይዛለህ?

ሆጤ፦ እሱስ ልክ ነሽ። ግን የእኛን ከተማ እያሰባችሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሱቁ የተዘረፈበት ሰው አለ፤ ብድሩ ግን አልተዘረፈለትም። ይህ ሰው አጭበርባሪ ነው? ተሯሩጦ ከፍሎ ሐራጁን ቢያስቀርም ፎቶው ቴሌግራም ላይ አለ። ጋዜጣ የስኳር መጠቅለያ ሆኖ ያልቃል፣ ያኛው አያልቅም። ልጁን ሊያጭ ሽማግሌ የሚልክ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

የፒያሳ ሱቅ፦ አቦ፣ እሺ፣ የአስያዡ ስም ይቅር። ለዘመዱ ብሎ የተነካ ሰው ያሳዝናል። የተበዳሪው ግን ይቆይ።

የኮምቦልቻው ጠበቃ፦ የአስያዡንማ እንዴት ታስቀረዋለህ? ቤቱ የሱ ነው። ሰኞ ገበያ የነገረችን ሴትዮ ባል እኮ አስያዥ ነው።

አወያይ፦ በሉ ዙህር ደርሷል። ከሰላት በኋላ ከዚሁ እንቀጥላለን።