ሳይክል የምትነዱ፣ ጎተራን እንዴት ነው የምታልፉት?

ሰላም ቤተሰብ፣ ምክር ፈልጌ ነው።

ከሳሪስ መስቀል አደባባይ ሥራ የምመላለሰው በሳይክል ነው። የታክሲ ሰልፍ አንገሽግሾኝ ነው የጀመርኩት፤ ወድጄዋለሁም። ግን ሁለት ነገር አስጨንቆኛል።

አንደኛው ሚኒባስ ነው። ቀኜን ይዤ ስሄድ ረዳቱ "ወራጅ አለ!" ይላል፣ ሾፌሩ ፍሬቻ ሳያሳይ ፊቴ ገብቶ ይቆማል። በሩ የሚከፈተው በቀኝ ነው። በዚያ በኩል ሾልኬ ልለፍ ካልኩ ወራጅ ላይ እወጣለሁ። በግራ ልዙር ካልኩ ከኋላዬ ሲኖትራክ አለ። "ጥግ ይዘህ ሂድ" የሚሉኝ ሰዎች የጥጉን ጉድ አላዩም። ጠጠር አለ፣ ክዳኑ የጠፋ ጉድጓድ አለ፣ ብረቱ በመንገዱ አቅጣጫ የተዘረጋ የፍሳሽ ፍርግርግ አለ። ቀጭን ጎማ እዚያ መሃል ከገባ አለቀ።

ሁለተኛው የጎተራ ማሳለጫ ነው። እኔ ቀጥታ፣ መኪናው ወደ ቀኝ። እጄን ባሳይም ማን ያየኛል? አሁን ወርጄ እየገፋሁ ነው የማልፈው።

ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማት በተሠሩ መንገዶች ላይ የብስክሌት መስመር አለ፣ መኪና ካልቆመበት። ትንሽ ዞር ብዬም ቢሆን በእሱ በኩል የሚያደርሰኝ መንገድ የምታውቁ ንገሩኝ።

የሌይኑን መሃል ይዛችሁ የምትነዱ አላችሁ? ሾፌሮቹ ይታገሷችኋል ወይስ ጡሩምባ ብቻ ነው? መሪ ላይ የሚታሰር መስታወትስ በዚህ ሁሉ ንዝረት ያሳያል? ልገዛ ነበር፣ እናንተን ልጠይቅ ብዬ ነው።