የጋራ የኮድ ማሽን፦ ረቂቅ ሐሳብ (ሐሙስ ይገባል)

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ባሕር ዳር ላይ ኮድ ለምንጽፈው ለሁላችን አንድ ማሽን (ኮምፒውተር) እንገዛለን። የሁላችንም ሪፖ (የኮዱ ማኅደር ከነለውጥ ታሪኩ) በሚረር ክሎን፣ ማለትም በሙሉ ቅጂ፣ እዚያ ይቀመጣል። ሌሊት ኔት ሲሻል በሪሞት አፕዴት ትእዛዝ ራሱን ያድሳል። አባል ከዚያ ይወስዳል እንጂ በየቤቱ በራሱ ዳታ፣ ኮዳችን ኢንተርኔት ላይ ከሚቀመጥበት ከጊትሃብ አይጎትትም። ቦታው አባይ ማዶ ሰፈር ያለው የማዶ ክፍል ነው። በጀት 85 ሺህ ብር። አስተያየት ዛሬ።

ታንኳ፦ ይሁን። የጀልባ ተራ ፕሮግራሙን ክሎን ሳደርግ መሃል ላይ ኔት ከጠፋ ካቆመበት አይቀጥልም፣ ከዜሮ ነው። ዳታ ገዝቶ መጣል ሰልችቶኛል።

ሽምብጥ፦ ለምን አባይ ማዶ?

ማዶ፦ ክፍሉ በነጻ ስለሆነ።

ሽምብጥ፦ ክፍሉ ነጻ ነው፣ ባጃጁስ? ፕሪንተሩም «ለጊዜው» ተብሎ ተሻግሮ እዚያው ቀረ።

ማዶ፦ ፕሪንተሩን አታንሳ! ቀለም ግዙ ብዬ ስንቴ ጻፍኩ?

ፖሊ፦ ኧረ ተዉ። ጊት እኮ ነው፣ የኮድ ለውጥ መዝጋቢው። አንዴ ክሎን ካደረግክ ሙሉ ታሪኩ እጅህ ላይ ነው። ኮሚቱም (ለውጥ መመዝገቡ) ብራንቹም (ቅርንጫፍ መክፈቱ) ያለ ኔት ይሠራል። ከዚያ ወዲያ ፌች የሚያመጣልህ አዲሱን ብቻ ነው። በየቀኑ አባይ ማዶ ምን ያስኬድሃል?

ሽምብጥ፦ የማያስኬድ ከሆነ እኛ ሰፈር፣ ሽምብጥ፣ ቢቀመጥ ምን ትሆናለህ?

ማዶ፦ አዲሱ የአባይ ድልድይ በ2016 ተከፍቷል። 380 ሜትር ነው። በእግርህ ተሻገር።

ሽምብጥ፦ በዚህ ዝናብ፣ ላፕቶፕ ተሸክሜ? የሊኑክሱ ቶርቫልድስ በፈረንጆቹ 2005 ጊትን የሠራው ለምን ነበር? ከጊት በፊት ይጠቀምበት የነበረው የቢትኪፐር ፕሮግራም ባለቤት በነጻ የሰጠውን ፈቃድ ስለነሳው ነው። በሰው ቸርነት የቆመ ነገር እንዲህ ነው። ነገ ማዶ ክፍሉን እፈልገዋለሁ ቢልስ?

ማዶ፦ ቶርቫልድስ የባጃጅ አልጠየቀም።

ቆጣቢ፦ ልጆች፣ ባጃጅ በጀቱ ውስጥ የለም።

ሽምብጥ፦ ይግባ!

ፖሊ፦ ስሙኝማ። ጊት በንድል የሚባለው ትእዛዝ ሪፖውን አንድ ፋይል ያደርገዋል። ፍላሽ ላይ ትጭናለህ፣ ከፋይሉ ክሎን ታደርጋለህ። በሚቀጥለው ከመጨረሻው ኮሚት ወዲህ ያለውን ብቻ ትወስዳለህ። በ2015 ክረምት ኔት ሲዘጋ በፍላሽ አይደል የሠራነው? ስክሪፕቱን እኔ እጽፋለሁ። ነገ ማታ።

ሽምብጥ፦ ፍላሹስ ማን ጋ ይቀመጣል?

ታንኳ፦ ወይ አምላኬ! ይልቅ ቪዲዮ ሪፖው ውስጥ የከተተው ሰው ይናገር። አጠፋሁት አለ፣ ታሪኩ ውስጥ ግን አለ። ክሎኑ የከበደው በዚያ ነው።

ማዕበል፦ ደንበኛው የዑራ ኪዳነ ምሕረት ቪዲዮ ፊት ገጹ ላይ ይሁን አለ። ከከበደህ ዴፕዝ 1 ብለህ የመጨረሻውን ብቻ አውርድ።

ታንኳ፦ የድሮውን ማየት ስፈልግስ?

ሽምብጥ፦ ወደ ቦታው እንመለስ። አባይ ማዶ ከሆነ መዋጮዬ ይመለስልኝ።

ቆጣቢ፦ የሁለት ወር አለብህ። መጀመሪያ አስገባ።

ማዶ፦ እኔም ክፍሉን አልሰጥም። ኑሩበት!

ሽምብጥ፦ እሺ፣ ደሜ ፈልቶ ነው። ማዶ፣ ፕሪንተሩንም ተወው። መዋጮውን ነገ አስገባለሁ። ቦታው ግን ፍትሐዊ ይሁን።

ማዶ፦ ምንም አይደል። ማሽኑ ይዙር በቃ።

ጸሐፊ፦ ረቡዕ ሆነ። ፖሊ፣ ስክሪፕቱስ?

ጸሐፊ፦ ፖሊ?

ማዕበል፦ ፈተና ላይ ነው አሉ። ስልኩም ዝግ ነው።

ጸሐፊ፦ እንግዲያው አስተካክዬዋለሁ። ማሽኑ በየሦስት ወሩ ይዞራል። ስለሚዞር ላፕቶፕ ይሁን፣ መብራት ሲጠፋም ይጠቅማል። የባጃጅ ገብቷል። ለስብሰባ ፕሮጀክተርና ስድስት ወንበርም ጨምሬያለሁ። 140 ሺህ ደርሷል።

ታንኳ፦ የሌሊቱ እድሳትስ?

ጸሐፊ፦ ሁሉም ቤት ዋይፋይ የለም። «በተመቸ ጊዜ» ብዬዋለሁ።

ታንኳ፦ ካልታደሰ እኮ ሁላችንም አሮጌውን ኮድ ነው የምንጎትተው። ማሽን የፈለግነው ለዚህ አልነበረም?

ማዶ፦ ወንበሩ ስድስት አይበቃም። ስምንት አድርገው።

ቆጣቢ፦ ሦስት ፕሮፎርማ ያስፈልጋል። ነገ ከቀትር በፊት ማን ያመጣል?

ታንኳ፦ እኔ ነገ ዘጌ ነኝ።

ቆጣቢ፦ ሽምብጥ?