ጂጂቲ ወርዶ ተመልሶ ወጣ፤ አገርሽቶበታል እንበል?

ጥያቄ (ሐዋሳ፣ ጤና ጣቢያ)
ጤና ይስጥልኝ። ከአልኮል ጥገኝነት ሕክምና የወጣ የ41 ዓመት ሰው እየተከታተልን ነው። ሲጀምር ጂጂቲ (አልኮል ሲበዛ በደም ውስጥ የሚጨምር የጉበት ኢንዛይም) 210 ነበር፤ በ6ኛው ሳምንት 58 ደረሰ፣ ዛሬ በ10ኛው 92 ሆኗል። ኤምሲቪ (የቀይ የደም ሕዋስ አማካይ መጠን) 103 ነው። "አልቀመስኩም" ይላል። ማገርሸትን ቀድሞ የሚናገር የደም ምርመራስ አለ?

መልስ፣ ላብራቶሪ
ቀድሞ የሚናገር የለም፤ እነዚህ ሁሉ የሚያሳዩት የተጠጣውን ነው። ጂጂቲን ከመደበኛው መጠን ጋር ሳይሆን ከራሱ ዝቅተኛ ውጤት ጋር አስተያዩት። ከዚያ በ30 በመቶ ከጨመረ ያጠራጥራል፤ የእሱ ወደ 60 በመቶ ይጠጋል። ኤምሲቪን ለጊዜው ተዉት። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ገደማ ስለሚኖር ቢያቆምም ለወራት ከፍ እንዳለ ይቆያል፤ የቢ12 ወይም የፎሌት እጥረትና የኤችአይቪ መድኃኒቱ ዚዶቩዲንም ያሳድጉታል። የሚወስደው መድኃኒት አለ?

መልስ፣ ሳይካትሪ
ለትንበያ በጥናት ደረጃ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ለጭንቀት የሚሰጠው ምላሽ ታይቷል፤ ለክሊኒክ የሚሆን የመለያ ቁጥር (ውጤቱ ፖዘቲቭ የሚባልበት ወሰን) ግን የለውም፣ ገንዘቡን አታስወጡት። እንቅልፍ ማጣት፣ ድባቴና የመጠጥ አምሮት ይበልጥ ይጠቅሟችኋል፤ በየቀጠሮው ጠይቁ። "መጠጥ" ሲባል ቢራና አረቄ ብቻ የሚመስለው አለ፤ ጠላ፣ ጠጅ፣ ቦርዴ እያላችሁ በስም ጥሩለት።

ጠያቂ
ለሚጥል በሽታ ከ3 ሳምንት በፊት ካርባማዘፒን ተጀምሮለታል።

መልስ፣ ላብራቶሪ
ታዲያ ይሄ መጀመሪያ መነገር ነበረበት! ካርባማዘፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል ያለ አልኮልም ጂጂቲን ያወጣሉ። ስለዚህ 92 ለብቻው ማስረጃ አይሆንም፤ ነፃም አያወጣውም። መድኃኒቱን በራሳችሁ እንዳታስቆሙ።

ናሙና መላክ ከቻላችሁ ፎስፋቲዲል ኢታኖል (አልኮል ሲጠጣ በደም ውስጥ የሚፈጠር ቅባት) ይሻላል፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ወደ ኋላ ያሳያል። ያለው በቀይ ሕዋስ ሽፋን ላይ ስለሆነ ሙሉ ደም በኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ)፣ ማለትም ክዳኑ የወይን ጠጅ ቀለም ባለው ቱቦ ይላክ፤ ሴረም (ከሕዋሳቱ የተለየውን የደም ፈሳሽ) ከላካችሁ ከንቱ ነው። ሲዲቲም (ብዙ አልኮል ሲጠጣ የሚጨምር የደም ፕሮቲን) በነዚህ መድኃኒቶች እምብዛም አይወናበድም፤ ግን በቀን 50 ግራምና ከዚያ በላይ አልኮል ለ2 ሳምንት ያህል ካልተጠጣ ላይነሳ ይችላል፣ አልፎ አልፎ የሚጠጣ ያመልጠዋል።

መልስ፣ ፋርማሲ
የሽንት ኢቲል ግሉኩሮናይድ (ሰውነት አልኮልን ሲያስወግድ የሚፈጠር ንጥረ ነገር) ምርመራ እስከ 3 ቀን ያለውን መጠጥ ይይዛል። በ100 ናኖግራም በሚሊሊትር መለያ ሳኒታይዘርና አልኮል ያለው የአፍ መጉመጥመጫም ሊታዩ ይችላሉ፤ 500 ይህን ይቀንሳል፣ ትንሽ መጠጥ ግን ያሳልፋል። የሽንት ኢንፌክሽን ካለበት ኢ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ሊሰባብረው ስለሚችል ውጤቱ በሐሰት ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ የሽንት ምርመራ ይሠራ።