ጦስኝ፣ እንስላልና ዝንጅብል ለሆድ መነፋት፦ ሻዩ ለምን ይመራል?

ባለጓዳዋ፦
ሽሮ ወይም ባቄላ ከተበላ በኋላ ለሚነፋ ሆድ ሻይ አፈላለሁ። አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ጦስኝና የእንስላል ፍሬ፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ ግማሽ ሊትር ውሃ። ሁሉንም አንድ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ 20 ደቂቃ አፈላዋለሁ። ሁሌ ይመራል፣ ለሆድም ብዙም አይረዳም። ስህተቱ የቱ ጋ ነው? ጤና አዳምስ ልጨምርበት?

ሻይ በጦስኝ፦
ክፍት ድስቱና 20 ደቂቃው ነው ያበላሸው። ቤቱ በጦስኝ ሽታ ከታወደ መዓዛውን የያዘው የቅጠሉ ዘይት ጣሪያ ላይ ወጥቷል ማለት ነው፤ ስኒው ውስጥ የቀረው ምሬቱ ነው።

እሳት የሚፈልገው ዝንጅብሉ ብቻ ነው። የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል እርጥብ ዝንጅብል ታጥቦ በስሱ ይከተፍ፣ በግማሽ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ተጥዶ ይከደን፣ ከፈላ በኋላ በዝግታ እሳት 10 ደቂቃ ይቆይ። እንስላሉ በሙቀጫ ሸክሸክ ይደረግ። ሳይነካ ከገባ ሽታውን አይለቅም፣ ከደቀቀ ደግሞ በማጥለያው ያልፍና ጉሮሮ ይከረክራል። እሳቱ ሲጠፋ እንስላሉና ጦስኙ ይግቡ፣ ተከድኖ 8 ደቂቃ ይቀመጥ። ክዳኑ ሲነሳ ከሥሩ ያዘለውን ጠብታ ወደ ድስቱ መልሰው ያራግፉት፤ ዋናው ሽታ እዚያ ነው።

አዝሙድ፦
ለባቄላና ለክክ እኔ ነጭ አዝሙድን አስቀድማለሁ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ በደረቅ ምጣድ ሽታው ብቅ እስኪል ብቻ ይታመስና አንድ ስኒ የፈላ ውሃ ይፈስበት፣ ተከድኖ 10 ደቂቃ። ከጦስኝ ጋር አይደራረብ፤ ሁለቱም ውስጥ ቲሞል የሚባል ኃይለኛ ሽታ ያለው ንጥረ ነገር ስላለ አፍ ያቃጥላል። ገበያ ላይ ከከሙን ጋር እንዳይምታታ፦ ከሙን ረዘም ያለ ነው፣ ነጭ አዝሙድ ደቃቅና ሞላ ያለ።

ማር ማብዛትም ይቅር። የማር ስኳር አንጀት ውስጥ ሳይመጠጥ ከቀረ ይብላላና ራሱ ይነፋል። ባቄላው ደግሞ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ውሃው ቢደፋ የሻዩ ሥራ በግማሽ ይቀላል።

ከጓሮ፦
ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል እንደምትደረገው አንዲት ቀንበጥ ከሆነ ምንም አይደል፤ እፍኝ ሙሉ ማፍላት ግን አይገባም። ነፍሰ ጡር ጨርሶ አትንካው፣ ማህፀን ያነሳሳል።

ችግሩ ቃር ከሆነ ናና አይሆንም፤ የጨጓራን አፍ ስለሚያላላ አሲዱ ወደ ላይ ይወጣል። ዝንጅብልም ሲበዛ ያቃጥላል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ዝንጅብልን ከማዘውተሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ጥቁር ሰገራ፣ ያለምክንያት መክሳት፣ ሲውጡ መታነቅ ካለ ሻይ ማፍላቱን ትቶ ሕክምና መሄድ ነው። የጨጓራ ባክቴሪያም በሻይ አይጠፋም።

ባለጓዳዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እርጥብ ጦስኝ ካገኘሁስ መጠኑ ያው ነው?

ሻይ በጦስኝ፦
እርጥቡ የደረቁን ሦስት እጥፍ ይግባ። መሬት ላይ ተነጥፎ የሚበቅል ስለሆነ ግን አሸዋ ይይዛል፤ ሁለቴ ይታጠብ።